አሥር አለቃ ደመላሽ ዋይፋያችንን የጠበቁ ዕለት

ትናንት እሑድ ምሳ በልቼ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ፣ ዓለም የተገለበጠችበት ሕልም አየሁ።

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ኮንዶሚኒየማችን ስመለስ ነው። የየቤቱ በር ተነቅሎ ግቢው ውስጥ ተከምሯል። ሰው ያሻው መኝታ ቤት ይገባል፣ ይወጣል፤ ከልካይ የለውም። አጥርና ዘበኛ የተደረገለት ዋይፋይ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ቤት ዋይፋይ ዙሪያውን በድንጋይ ታጥሯል። የጎረቤቶቻችን አጥር ከቁመቴ በላይ ነው፤ የእኛ ግን ጉልበቴ ላይ ይደርሳል።

በአጥራችን በር ላይ የሕንፃችን ጥበቃ አሥር አለቃ ደመላሽ ተቀምጠዋል። በእውኑ ሲያዩኝ ብድግ ብለው "ጋሼ" የሚሉኝ ሰው ናቸው። በሕልሜ ግን የዳኛ ካባ ለብሰዋል፤ እጄን አጣምሬ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

"ማን ነህ?" አሉኝ።

"የቤቱ ባለቤት ነኝ፣ ጌታዬ።"

"እሱንማ የሚመጣው ሁሉ ይላል። ፓስወርድህን ንገረኝ።"

ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። የዋይፋዩ ሳጥን ሲመጣ ከሥሩ ተጽፎበት የነበረውን ነው፤ ከተተከለ አራት ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን አልቀየርኩትም። አሥር አለቃ አልተቆጡኝም። በዚያው ሰዓት አንድ ሙክት ሥጋ ሻጩን በገመድ እየጎተተ ያልፍ ነበርና ጠርተው የቤታችንን ፓስወርድ ጠየቁት። ሙክቱ ቆም እንኳ ሳይል ከአንድ እስከ ስምንት ቆጠረላቸውና ሰውየውን እየጎተተ መንገዱን ቀጠለ።

አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ፈራሁ። ባለቤቴ ሲስተር ምንትዋብ አዋላጅ ናት። ማን ምን እንደታመመች፣ ማን ባሏ ሳይሰማ ምን እንደጠየቀች፣ የስንት እናት ምስጢር ቤት ባለው ኮምፒውተሯ ውስጥ አለ። ያ ሁሉ በግ በሚዘለው አጥር ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ዞር ስል ሌቦች ተሰልፈዋል። ሊሰርቁን ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ አቤት ሊሉ ነው። ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች ተወካያቸው ነገሩን በእርጋታ አስረዳች። ስንት ዓመት ተምረው፣ ስንት ዓመት ለፍተው፣ ሙክት የሚከፍተውን ቤት መስረቅ ሙያቸውን እንደሚያዋርድ ተናገረች። አሥር አለቃ እስከ መጨረሻው አዳመጧት። እውነት እንዳላትና ትንሽ እንዲታገሷቸው ነገሯት። ከዚያ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ ቴሌቪዥናችንን ያዙ። ገመዱን እየጎተተ፣ ሳሎን ውስጥ የተጨዋወትነውን ለጎረቤት ሊያወራ እየወጣ ነበር። ከግቢው ዳር ለብቻዋ የቆመች ጎጆ ሠሩና እሱንም፣ ስልኩን ይዞ የሚመጣውንም እንግዳ ሁሉ እዚያ አስገቡ። በጎጆዋ ውስጥ ኢንተርኔቱ እንደ ልብ ነው፤ ወደ ምንትዋብ ኮምፒውተር የሚወስድ በር ግን የላትም። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ፓስወርድ የሚጠይቀኝ ወንድሜ ይቀየመኛል ብዬ ሰግቼ ነበር። እሱ እቴ፣ እግሩን ዘርግቶ እየሳቀ አየሁት።

ቀጥሎ ሳጥኑ አሳለው። አሥር አለቃ ደረቱን አዳመጡና አራት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አፕዴት እንዳልተደረገ ነገሩኝ። ይሄኔ ምንትዋብ ያዋለደቻቸው ሕፃናት ነጭ ጋውን ለብሰው፣ መርፌ ይዘው፣ እየዳሁ መጡ። አንዱ፣ ጥርስ እንኳ ያላበቀለው፣ ሳጥኑን "ትንሽ ይቆነጥጥሃል" አለና ወጋው። ሳጥኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ቆይቶ መብራቶቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆነው በሩ።

የቀረው ፓስወርዱ ነው። ምንትዋብ መጣችና ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብላ ሹክ ትለው ጀመር። አንድ ቃል አይደለም፤ ማለቂያ የሌለው ረጅም ዐረፍተ ነገር ነው። እኔ ጆሮዬን አቀናሁ። አሥር አለቃ ግን ፊታቸውን አዙረው ሁለቱንም ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ። ጨርሳ ስትሄድ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው።

"የሚጠብቅ ሰው በሩን ይወቅ፤ ምስጢሩን ማወቅ የለበትም" አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ለአንድ ተማሪ እንኳ ይህን የሚያህል ነገር አልነገርኩም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው በእጆቹ እየተራመደ፣ እግሮቹን ሽቅብ አንጨፍርሮ መጣ። ከኢንተርኔት ድርጅቱ ተልኬ ነው፣ መስመሩ ተበላሽቷል፣ ፓስወርዱን ስጡኝና ልጠግነው አለ። ከሰጡት የአገሩ ጥበቃዎች ሁሉ አለቃ ሊያደርጋቸው፣ እምቢ ካሉ ካባቸውን ሊያስገፍፋቸው ማለ። አሥር አለቃ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

"መስመር ሊጠግን የመጣ ሰው ፓስወርድ አይጠይቅም" አሉት። "ደግሞም አላውቀውም።"

ሰውየው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደና የገዛ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሌቦቹ አጨበጨቡ። ተወካያቸው ወደ አጥራችን ቀና ብላ አየች። ድንጋዩ መቼ እንዳደገ እንጃ፣ ጫፉ አይታይም። ጓደኞቿን እንደገና መማር እንዳለባቸው ነግራቸው በሰልፍ ይዛቸው ሄደች። እኔም የአሥር አለቃን ጉልበት ልስም ዝቅ አልኩ።

በር ተንኳኳ፤ ነቃሁ። ምንትዋብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ የእናቶቹን መዝገብ ትሞላለች። ዐይኔን እያሸሁ ሄጄ ስከፍት፣ ከላይኛው ፎቅ ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው። ከኋላቸው ደረጃው ላይ ስልካቸውን የያዙ አምስት ስድስት ጎረቤቶች ቆመዋል።

"ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ከእንቅልፍዎ ቀሰቀስንዎት መሰለኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልን" አሉኝ። "ዋይፋያችሁ ከጠዋት ጀምሮ ተንቀራፈፈብን። እባካችሁ ፓስወርዱን ላገኛችሁት ሰው ሁሉ አትስጡ፤ ተጣበብን።"