የወይዘሮ አርዲስ ትንሽ ጥያቄ

በዓለም ላይ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ ሦስት ነገር አያጣም፤ ሰዓቱን የማያውቅ ደወል፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ፣ እና ስብሰባው ሊያበቃ ሲል እጇን የምታወጣ ሴት። ደወሉ ይጠገናል። ለጣሪያውም አንድ ቀን ገንዘብ ይገኝለታል። ለሴትዮዋ ግን እስከ ዛሬ መድኃኒት አልተገኘም።

የምላችሁን ሴት ታውቋታላችሁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጣጥፎ፣ «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ...» ብሎ ሳይጨርስ፣ እኛም አንድ እጃችንን ኮታችን ውስጥ ከትተን ሌላውን ስንፈልግ፣ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ጣት ብድግ ይላል። «አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ።» በቃ፣ እራት ቀዘቀዘ ማለት ነው።

በእኛ ትንሽ የሰሜን አሜሪካ ከተማ፣ በኪልደን፣ የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክብርት ወይዘሮ አርዲስ ክቫሜ ናቸው። ሦስቱም ልጆቻቸው ከዚህ ትምህርት ቤት ተመርቀው ከወጡ ዘመን የለውም፤ የመጨረሻው ፋርጎ ከተማ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ሆኖ መላጣ አውጥቷል። እሳቸው ግን አንድም የወላጆች ስብሰባ ቀርተው አያውቁም። የሚቀመጡበትን ትራስ በብብታቸው፣ ቡናቸውን በፔርሙስ ይዘው ከሁሉ ቀድመው ይገኛሉ። ከሁሉ በኋላም ይወጣሉ፤ እኛንም አብረው ያስቀራሉ።

አንድ ዓመት ስለ ተመራቂዎች ልብስ ተነገረን። ወይዘሮ አርዲስ ጨርቁ ካውያ ይችላል ወይ ብለው ጠየቁ። የያኔው ርእሰ መምህር አላውቅም አሉ። እመቤቲቱ ካውያውን ከቦርሳቸው አወጡ! ካውያ ይዞ ስብሰባ የሚመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መድረኩ ላይ ሶኬት ተፈለገ፣ ልብሱ ተተኮሰ፣ እጅጌው ቀለጠ። ሃምሳ ልብስ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። እኔ በዚያ ምሽት ያመለጠኝን የሆኪ ጨዋታ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ሌላ ዓመት ደግሞ የተማሪዎቹ ጭፈራ ለምን ዘግይቶ ይጀምራል፣ ላም የሚያልቡት ልጆች መቼ ሊተኙ ነው አሉ። ርእሰ መምህሩ ይህ እኮ ጭፈራ ነው ቢሏቸው፣ «ላሟ እሱን አታውቅም» አሉና ተቀመጡ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ኪልደን ውስጥ መሆኑን አትርሱ። እኛ ክፉ ቃል ከአፋችን አይወጣም። ጎረቤታችን ቤቱን ወይን ጠጅ ቀለም ቢቀባ «ለየት ያለ ነው» እንላለን፤ ከዚያ ለአንድ ክረምት አናናግረውም። ምግብ ሲቀርብልን ሁለት ጊዜ «ኧረ ግድ የለም» እንላለን፣ በሦስተኛው እንበላለን። ሦስተኛ ግብዣ ካልመጣ ተርበን ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ ማንንም አንወቅስም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ያሰበችውን የምትናገር ሴት ምን ያህል እንደምታሳቅቅ አስቡት።

ወደ ዘንድሮው የፀደይ ስብሰባ ልምጣ። ፀደይ ስል ቅጠልና አበባ እንዳይመስላችሁ፤ በረዶው ወደ ጭቃ የሚለወጥበት፣ ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ እንደገና በረዶ የሚሆንበት ወቅት ነው። ርእሰ መምህራችን ሚስተር ዌንዴል ስትራንድ አምና ከትልቁ ከተማ ከሚኒያፖሊስ የመጡ፣ ጫማቸው ጭቃ የማይወድ ወጣት ናቸው። የፈተናውን ቀን ነገሩን። የመኪና ማቆሚያው ተቆፍሮ እንደሚታደስ ነገሩን። የምርቃቱ ፎቶ መቼ እንደሚነሳ ነገሩን። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ሃርሎ ልጆች ጀመሩ።

የጎረቤታችን የሃርሎ ከተማ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ትምህርት ሲያበቃ ይዘጋል። ልጆቹ ከመስከረም ጀምሮ ወይ ወደ እኛ ይመጣሉ፣ ወይ አውራጃው ዋና ከተማ ውስጥ ወዳለው ትልቁ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ምርጫው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የወላጆቻቸው ነው። እነሱ ካልመጡ በክፍሎቻችን ውስጥ ከልጅ ይልቅ ወንበር ይበዛል፣ ቀጥሎ የሚዘጋውም የእኛው ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የተናገረ ግን የለም። በዚያ ላይ ሃርሎ ማለት በፉትቦል ሜዳ የምንናከስባት ሃርሎ ናት። የአውቶቡስ ሹፌራችን ጎርደን ትቬት በወጣትነቱ የቡድናችን ተስፋ ነበር፤ ላይል ራስክ የሚባል የሃርሎ ግንድ ጉልበቱን ሰብሮ ተስፋውን እዚያው ሜዳ ላይ ጨረሰለት። ጎርደን እስከ ዛሬ ያነክሳል፤ የሃርሎ ሰው ሲያይ ደግሞ ይብስበታል።

ሚስተር ስትራንድ ታዲያ አዲስ ተማሪዎችን የምንቀበልበት ምሽት ዘንድሮ ቀርቷል አሉ። ምክንያታቸው «ግጭት እንዳይፈጠር» ነው፤ በምትኩ ለየቤቱ ቪዲዮ ይላካል። የበረዶ ቤትም ቀርቷል፤ በረዶ ሲጥል ልጆች በየቤታቸው በኮምፒውተር ይማራሉ። የበረዶ ቤት ማለት በእኛ ዘንድ ከገጠር በአውቶቡስ ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚመደብ የከተማ ቤት ነው። መንገድ ሲዘጋ ልጁ እዚያ ያድራል። አያቶቻችንም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፤ ምደባውም የሚካሄደው በዚያው በአቀባበሉ ምሽት ነው።

«እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ...»

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ።»

ሁላችንም ኮታችንን መልሰን አወለቅን።

«በረዶው ከምሳ በኋላ ቢጀምርስ ሚስተር ስትራንድ? ልጆቹ እዚህ፣ እናቶቻቸው ሃርሎ፣ መንገዱ ዝግ። ኮምፒውተሩ ነው የሚያሳድራቸው?»

«ያን ጊዜ ሁኔታውን አይተን እንወስናለን ወይዘሮ አርዲስ።»

«ምኑን ነው የሚያዩት? በረዶ እኮ ነው። የገዛ እጅዎም አይታይዎትም።»

ሰውየው ፊታቸው ቀላ። «ከይቅርታ ጋር፣ ይህ ስብሰባ ልጅ ላላቸው ወላጆች ነው። እርስዎ እዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅ የለዎትም።»

እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይባልም፤ ለሃርሎ ሰው እንኳ አይባልም። ወይዘሮ አርዲስ የፔርሙሳቸውን ክዳን ቀስ ብለው ገጠሙና «እሱስ ልክ ብለዋል» ብለው ተቀመጡ። ሴትዮዋ ዝም እንዲሉ ስንት ዓመት ስመኝ ኖሬ፣ ያን ቀን ዝም ሲሉ አንጀቴን በሉኝ።

ዝምታው ግን እስከ ጠዋት ነው የቆየው። በማግስቱ ወይዘሮ አርዲስ፣ ስልክ የሌለው ቤት ካልሆነ በቀር፣ ኪልደንም ሃርሎም ያልደወሉለት የለም። «ሐሙስ ማታ፣ አውቶቡስ ጋራዡ ውስጥ፣ ምግብ ይዛችሁ ኑ» አሉ። ሚስተር ስትራንድ ይህን ሰምተው ጎርደን ዘንድ ሄዱና ጋራዡ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው አሉት። «ነው እንጂ» አለ ጎርደን። «ቁልፉ ግን እኔ ኪስ ውስጥ ነው።» ሃርሎን እንደዚያ እየጠላ ይህን ያለበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ከሃርሎ ይበልጥ አዲስ አለቃ ይጠላል።

እኔ የሄድኩት ለዚህ የጋዜጣ ዓምዴ የሚሆን ነገር ባገኝ ብዬ ነው። የእኛ ሰዎች በአንድ በኩል፣ የሃርሎ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በሌላ በኩል፣ መሐል ላይ ቢጫ አውቶቡስ። መፍቻና መዶሻ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ሥጋና ድንች በአንድ ላይ የተጋገረበት ትሪ በትሪ ላይ ተደርድሯል። የነካው የለም። ከአንድ የሃርሎ ገበሬ ጋር ወሬ ጀመርኩ።

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«መጥፎ አይደለም።»

«ጭቃ ነው አይደል?»

«ጭቃስ ነው።»

«ዘንድሮ ጭቃው በዛ።»

«በዛ።»

ጉንጬ እስኪደክም ስለ ጭቃ አወራን። ስለ ልጆቹ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። እኛ ቤታችንን ብናቀርብላቸው ራሳችንን የጫንንባቸው ይመስላል ብለን ፈራን። እነሱ ቢጠይቁን ያስቸገሩን መሰላቸው። በትሕትናችን ብዛት እኛ እንደማይፈልጉን አመንን፣ እነሱም እንደማንፈልጋቸው አመኑ። ከዚያ አንዲት የሃርሎ እናት ቦርሳዋን አነሳችና «እንግዲህ...» አለች። እኛ ዘንድ «እንግዲህ» ከተባለ ሰው ሄደ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች አሁን ከወጡ ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ነው የሚሄዱት።

«እንግዲህ የሚባል ነገር የለም!»

ወይዘሮ አርዲስ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆመዋል። «በረዶ ሲመጣ እነዚህን ልጆች የሚያሳድረው ማነው?»

ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ ምን እንዳስቀባጠረኝ አላውቅም፣ «ቤታችን ትንሽ ዝርክርክ ነው» አልኩ።

«እሱንማ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አልጋ አለህ የለህም?»

«አለኝ... ግን የመጣሁት ለጋዜጣው ነው።»

«ጋዜጠኛ ቤት በረዶ አይጥልም? ያን ጠቃጠቆ ያለበትን ልጅ ውሰድ። ስምህ ማነው ልጄ?»

«አንደርስ። ሽንኩርት አልበላም።»

«እሱም ይማራል፣ አንተም ትማራለህ» አሉና ወደ ሃርሎ ሰዎች ዞሩ። «እናንተ ደግሞ አናስቸግር፣ አናስቸግር ትላላችሁ። አስቸግሩ እንጂ! ልጅ ካላስቸገረ ማን ሊያስቸግር ነው? ሁለት ጊዜ እምቢ ለማለት ከሆነ፣ እምቢታችሁን እኔ ቆጥሬ ጨርሻለሁ። አሁን ሦስተኛው ላይ ነን።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ የባንክ ቤቷ ሴት ሁለት መንትዮች ወሰደች። የሙሉ ወንጌሉ ፓስተርና የሉተራኑ ፓስተር በአንዲት ልጅ ተሻሙ። ትሪዎቹ ተከፈቱ፤ ሰው አፉ ሞልቶ የስልክ ቁጥር ይለዋወጥ ጀመር።

በመጨረሻ አንዲት ልጅ ብቻዋን ቀረች። ረጅም፣ ትከሻዋ የአባቷ። ማሬን ራስክ፣ የላይል ልጅ። ሁሉም ጎርደንን አየ፤ ጎርደን ጉልበቱን አየ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ በጫማዋ ጫፍ የሲሚንቶውን ዘይት ትገፋለች። ላይል ያን ግዙፍ እጁን ጀርባዋ ላይ አኖረና ለራሱ እንደሚያወራ ያህል፣ «ግድ የለም። እኛ ወደ ትልቁ እንልካታለን» አለ። አፈርኩ። እዚያ የነበርን የኪልደን ሰዎች ሁሉ አፈርን፤ የተንቀሳቀሰ ግን የለም።

በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ሚስተር ስትራንድ ናቸው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ። «ወይዘሮ አርዲስ፣ ይህ ስብሰባ አልተፈቀደም። ነግሬዎታለሁ፣ እርስዎ...»

ወይዘሮ አርዲስ ከደረጃው ወርደው፣ በሰውየው አጠገብ አልፈው ማሬን ፊት ቆሙ።

«ካርታ ትጫወቻለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ታሸንፊያለሽ?»

ልጅቷ ቀና አለች። «አዎ።»

«እናያለን። እኔ ቤት ነው የምታድሪው።» ክንዷን ያዙና ወደ ርእሰ መምህሩ ዞሩ። እኚያ እስከዚያ ቀን ርእሰ መምህሩን «እርስዎ» ሲሉ የቆዩ ሴት፣ «ስማ አንተ ልጅ» አሉት። «ልጅ የለሽም ብለኸኝ ነበር። ይቺውልህ ልጄ!»

ላይል ራስክ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። ጎርደን እያነከሰ መጣና ላይልን ሳያይ ለልጅቷ፣ «መስከረም ላይ መጀመሪያ የማነሳው አንቺን ነው። በሰዓትሽ ውጪ፤ አልጠብቅም» አላት። ጎርደንን ለማያውቅ ስድብ ይመስላል። እኛ ግን እናውቀዋለንና ዓይናችንን ወደ ጣሪያው መለስን። ለሚስተር ስትራንድ አንድ ሰው ሳህን ሰጣቸው። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አሉ። እንደገና ተሰጣቸው፣ እንደገና እምቢ አሉ። በሦስተኛው በሉ። ይህ ሰው ይለምዳል አልኩ በልቤ።

በሳምንቱ የሃርሎ ወላጆች መልሳቸውን አሳወቁ፤ ሁሉም ወደ እኛ ይመጣሉ፣ ከሁሉ ቀድሞ የደወለውም ላይል ነው። አሁን ደግሞ ከበላይ ቢሮ በኩል፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ማን መናገር እንደሚችል የሚወስን ደንብ ይወጣል የሚል ወሬ እሰማለሁ። ለቢሮው ከዚሁ ልንገር። ወይዘሮ አርዲስ አሰልቺ ናቸው። እራታችንን አቀዝቅዘዋል፣ ሆኪ አሳጥተውናል፣ እጅጌ አቅልጠዋል። በእሳቸው ማማረር ግን የእኛ ፋንታ ነው፤ ሌላ ሰው ዝም ሊያሰኛቸው ቢሞክር ኪልደን በሙሉ ተነስቶ እጁን ያወጣል፣ ከፊት የምታገኙት ደግሞ የእኔን ነው። እወዳቸዋለሁ። ይኸው ወጣልኝ።

እዚህ አገር በሚያዝያ በረዶ የሚመኝ ሰው ቢገኝ ጤናውን እንጠይቃለን። እኔ ግን ለአንደርስ አልጋ አንጥፌ፣ ያለ ሽንኩርት መጥበስ እየተለማመድኩ፣ ለመጪው ክረምት አንድ ደህና በረዶ እመኛለሁ፤ ከምሳ በኋላ የሚጀምር፣ ዓይን የሚጋርድ፣ የሃርሎን መንገድ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ።