ጠበል ይፈላል ወይ?

ከአንድ እንስራ ሁለት ሰው ጠጥቶ አንዱ የሚተርፈው፣ አንዱ የሚሞተው ለምንድን ነው? እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም። እናንተ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። እኔ ፊደል የለየሁት እዚሁ ሰበታ በማታ ትምህርት ነው፤ የሳትኩትን እያቃናችሁ አንብቡልኝ።

ካቻምና ክረምት ሲገባ ልጄን ዓለሚቱን ተቅማጥ ያዛትና ሳምንትም ሳትቆይ ሞተችብኝ። የምትጠጣው ከኔው ኩባያ ነበር። እኔ ቀመስ አደርግና ለሷ እሰጣታለሁ። ውሃው የምንጭ ውሃ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ፊት የሚያሳይ። እኔን ምንም አላደረገኝም። ሆዴን እንኳ ቢቆርጠኝ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

እዚህ ሰፈር በሽተኛ የሚያክሙት ድሬሰሩ ኦቦ ደቻሳ ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታይ፣ ነፍስ ያለው ነገር አለ አሉኝ። ሲፈላ ይሞታል አሉ። እሺ፣ እኔስ ለምን ተረፍኩ ብላቸው መርፌያቸውን ወደ መቀቀሉ ዞሩ።

ለአማቴ ሄጄ ብነግራቸው ሳቁ። «የማይታይ ከሆነ እሱ በምን አየው?» አሉ። ደግሞ የማይታይ ክፉ ነገር እኛም እናውቃለን፣ መድኃኒቱ ጠበል ነው እንጂ ድስት አይደለም አሉኝ።

ያም ሆኖ ዓለሚቱ ስትሞት በሆዴ የነበረው ወንድሟ ከተወለደ ወዲህ የምንጠጣውን ውሃ አፈላለሁ። የፈላ ውሃ ጣዕም የለውም፤ የባህር ዛፍ ጭስ ጭስ ይላል። አማቴ ሬሳ አታጠጪኝ ብለው ከእንስራው ይቀዳሉ። ባለቤቴ እናቱንም እኔንም ማስቀየም ስለማይወድ ጠላ ይጠጣል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንኖር ልጁ ባለፈው ሰሞን ተነስቶ ሄደ። ከመደቡ እስከ በሩ! አማቴ እልል አሉ። እኔ አለቀስኩ። ልጇ ሄደ ብላ የምታለቅስ እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ ወዲህ ነው። አማቴ ልጁ ሲወለድ ተስለዋል፤ በእግሩ የሄደ እንደሆነ ከመናገሻ በታች ካለው ጠበል ወስጄ አጠጣዋለሁ ብለው። ዓለሚቱ የሞተችበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ክረምቱም ሊገባ ነው።

ኦቦ ደቻሳን ስለ ጠበሉ ብጠይቃቸው ቆባቸውን አውልቀው አማተቡ። «እኔ የተማርኩት ስለ ውሃ ነው» አሉኝ። እሳቸውም ክርስቲያን ናቸው፤ ምን ያድርጉ?

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። አባ፣ ጠበል ይፈላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «ምን ልታደርጊው ነው? ጠበል ወጥ ነው እንዴ?» አሉና ሳቁ። ሌላ መላ አመጣሁ። እኔ ከቤቴ ያፈላሁትን ይዤ ልምጣ፣ እርስዎ ይጸልዩበት፣ እሱን ይጠጣ አልኳቸው። አባ ጺማቸውን እየነካኩ ማሰብ ጀመሩ። እሺ ሊሉኝ ነበር መሰለኝ። አማቴ ግን ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«ያ ኢንታላ ኮ!» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲያዝኑብኝ በኦሮምኛ ነው። «ፈልቶ የሞተ ውሃ በጸሎት የሚነሳልሽ ይመስል!»

አባም ማሰቡን ተዉት። የሞተ በጸሎት የሚነሳ ቢሆን ከውሃው በፊት ይዤላቸው የምመጣው ነበረኝ። አማቴም የተናገሩት ወዲያው ገባቸው መሰለኝ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ስንመለስ እጄን ይዘውኝ ነው የሄድነው። ስለቱን ግን አልተዉም። እሁድ ነው።

ትናንት ድስቱ ሲንተከተክ ቁጭ ብዬ እንፋሎቱን ሳይ ነበር። ኦቦ ደቻሳ እንፋሎት ሽቅብ ወጥቶ ደመና ይሆናል፣ ተመልሶም ይዘንባል ብለውኛል። እንግዲህ ጠበሉን ተደብቄ ባፈላውና በረከቱ በእንፋሎቱ ቢወጣ፣ ዞሮ ሰበታ ላይ መዝነቡ አይደል? ዓለሚቱ የተቀበረችው ደግሞ ጣራ በሌለበት ነው። ለሷም ይደርሳታል ማለት ነው።

ግን ለወንድሟ ድስቱ ውስጥ ምን ይቀርለታል? በረከቱ የሌለበት ውሃ ይሆን? እስቲ የወለዳችሁ፣ የቀበራችሁም፣ ምከሩኝ። እሁድ አማቴ ጠበሉን በእፍኛቸው ይዘው ወደ አፉ ሲያስጠጉት እጃቸውን ልያዝ ወይስ ልተው? አደራ፣ ምክራችሁ ከእሁድ በፊት ይድረሰኝ።