የደምሴ ኮምፒውተር ይችለዋል ወይ?

መርካቶ ውስጥ ከዋጋ ቀጥሎ በብዛት የሚጠየቀው ጥያቄ «ይችለዋል?» የሚለው ነው። ይህ አይሱዙ ይህን ሁሉ ጆንያ ይችለዋል? ይህ ገመድ ፍራሹን ይችለዋል? ይህ ተሸካሚ ቁም ሳጥኑን ብቻውን ይችለዋል? ጠያቂው ብዙ ነው፤ መላሹም አያንስም፤ ግን ወረቀት አገላብጦ የሚመልስ አንድም ሰው አታገኙም። መልሱ ሁልጊዜ «ጫንበትና እየው» ነው። ይጭኑበትና ያዩታል። ገመዱ ከቻለ እሰየው፤ ካልቻለ ፍራሹ ጭድ ተራ መሐል መንገድ ላይ ይዘረጋና አላፊ አግዳሚው ሁሉ ስለ ገመድ ያለውን ዕውቀት በነፃ ያካፍላል። «ካልታዘልኩ አላምንም» ያለችው ሙሽራ የመርካቶ ልጅ ሳትሆን አትቀርም።

ባለቤቴ ደምሴ ሸማ ተራ ውስጥ ጋቢና ነጠላ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። አሁን ሱቁን እኔ ይዤዋለሁ። ካረፈ ዓመት አልሞላውም፤ ተዝካሩን አውጥተናል፤ ጥቁሬን ግን ገና አላወለቅኩም። የቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ቅን፣ ታማኝ፣ ሰው አክባሪ» ተብሏል። ሁሉም እውነት ነው። ኮምፒውተሩ ግን አልተነበበም። ሰው ሲሞት ትልልቁን ነገር የሚያነብለት አያጣም፤ ትንንሹ ነው ተረስቶ የሚቀረው። ስለዚህ ትንሹን እኔ ልጻፈው።

ደምሴ ዶሮ ማረድ የማይችል ሰው ነበር። በበዓል ዋዜማ ዶሮዋን አንጠልጥሎ ከጎረቤት ጎረቤት ሲዞር ያየ ሁሉ ሊሸጣት የወጣ ይመስለዋል፤ እሱ ግን የሚያርድለት ፍለጋ ነው። ይኸው ሰው ከሱቅ ተመልሶ እራቱን ከበላ በኋላ ትንሿ ክፍል ይገባና ጠመንጃ ያነግታል። በኮምፒውተር ማለቴ ነው። ለማታውቁት ላስረዳ፤ ጨዋታው ብቻን የሚጫወቱት አይደለም። ሰው በየቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ይገናኛል፣ ቡድን ይሠራል፣ ከዚያ አንዱ ቡድን ሌላውን እያሳደደ ይተኩሳል። የደምሴ የቡድን ጓደኛ ሰይድ ነበር፤ የሱቅ ጎረቤታችን፣ የወሎ ሰው፤ ቀን ቀን ከደምሴ ጋር ደንበኛ ሲሻማ ይውላል፣ ማታ ማታ ደግሞ ጀርባውን ይጠብቅለታል።

እኔ ተኩሱን አልወደውም ነበር። በሩን ዘግቼበት ሳሎን መጽሐፌን አነባለሁ። ሻይ ስወስድለት ግን አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ነበረው፤ ኮቴዬን ሲሰማ ጦርነቱን ጥሎ ይነሳና ብርጭቆውን ከበር ላይ ይቀበለኛል። አንድም ቀን ተቀምጦ ተቀብሎኝ አያውቅም። ይህን ለማኅበር ጓደኞቼ ስነግራቸው በቅናት ይተያዩ ነበር። «የኔማ ቴሌቪዥኑን ጋረድሽኝ ነው የሚለኝ» ያለችም አለች። ከትንሿ ክፍል የማልወደው ነገር ቢኖር ከተኩሱ ሌላ አንዲት ሚስማር ነበረች። ደምሴ ራሱ ግድግዳው ላይ መቷት ምንም የማይሰቅልባት። «ንቀልልኝ» ስለው «ትቆይ አስካለ፣ ለአንድ ነገር ትሆናለች» ይለኛል። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፤ ሚስማሯ እዚያው ናት።

ኮምፒውተሩ ተገዝቶ የመጣ አይደለም፤ ተሰብስቦ ነው። ሳጥኑ ከአንድ ቢሮ ዕቃ ሲወገድ የተገኘ ነው፤ ሌላ ሌላው ደግሞ ከየሱቁ እየተለቀመ የገባ። ግራፊክስ ካርዱ፣ ያ ሥዕሉን የሚስለው፣ የጨዋታ ኮምፒውተር ልቡ እሱ ነው የሚሉት፣ ያለ አንድ ሳንቲም ነው የመጣው። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ እህቱን ሲድር፣ ደምሴ ለእናትየው ጋቢ፣ ለሙሽራዋ ጥልፍ ቀሚስ፣ ለአክስቶቿ ነጠላ ሰጠና ካርዱን ተቀበለ። አንድ ሠርግ ሙሉ ሰው የለበሰው ልብስ እዚያ ሳጥን ውስጥ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግራፊክስ ካርድ አለኝ የሚል ካለ ወዲህ ይበል።

እኔም በበኩሌ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ። ቴሌቪዥናችን ዳንቴል አለው፤ ሬዲዮናችን ዳንቴል አለው፤ ፍሪጁም አለው። ኮምፒውተሩ ምን ቢበድል ነው ራቁቱን የሚቀመጠው? በእጄ ሠራሁለት። ከአናቱ እስከ እግሩ የሚሸፍን፣ አቧራ እንዳያስገባ ከሥሩ ወፍራም የሳቲን ገበር የገባለት። ደምሴ ዞር ዞር እያለ አየውና «እጅሽን ይባርከው፣ ሙሽራ አስመሰልሽው» አለኝ። ጠዋት ጠዋት ክፍሏን ሳጸዳ ዳንቴሉ ሁልጊዜ እንዳስቀመጥኩት ቀጥ ብሎ አገኘዋለሁ።

ታዲያ አንድ አዲስ ጨዋታ ሊወጣ ነው ተባለ። ሠሪዎቹ ኮምፒውተሩ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት በሁለት ረድፍ ጽፈዋል፤ አንደኛው ዝቅተኛው መስፈርት፣ ሁለተኛው የሚመከረው። እንግሊዝኛው ከሱ ይልቅ ለእኔ ስለሚቀለኝ አስነበበኝ። የእኛ ሳጥን ዝቅተኛውን ለጥቂት ይስተዋል። አንብቤ ስጨርስ ሳቄ መጣ። አባቴም መስፈርት ነበረው። ደምሴ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ የሚፈልገው ዲፕሎማ ያለው፣ የመንግሥት ሥራ ያለው፣ የራሱ ቤት ያለው ሰው ነበር። ደምሴ ዝቅተኛውንም አያሟላም፤ የሚመከረውማ አይነሳ።

«ወረቀት ምን ያውቃል» አለ ደምሴ። «ይችለዋል።»

በማግስቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ከሰይድ ጋር ተያያዙ። ሰይድ አዲስ ኮምፒውተር ከገዛ ገና ወሩ ነው፤ የአዲስ ዕቃ ባለቤት ደግሞ አፉም አዲስ ነው።

«አይችለውም ደሜ። ያንን ሳጥን ጡረታ አውጣው።»

«ይችለዋል አልኩህ።»

«ከቻለ፣ እኔ ሰይድ ግማሽ ቀን ያንተ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ደንበኛ እጠራልሃለሁ። ካልቻለ አንተ ለኔ ትጠራለህ።»

«በል ጉሮሮህን ጥረግ።»

ሸማ ተራ ሰማ። ሸማ ተራ የሰማውን አይረሳም።

ጨዋታው ሳይወጣ ደምሴ አረፈ።

ሰይድ በለቅሶው ወንበር ሲያመላልስ ሰነበተ። ጨዋታው ወጣ ሲባልም ስለ ውርርዱ ትንፍሽ አላለም። ሌላው ግን እንደሱ አይደለም። አንድ ቀን ከሱቁ ጀርባ ጋቢ ሳጣጥፍ አንዱ ወጣት ነጋዴ እኔ መኖሬን ሳያውቅ «ጋሽ ደምሴማ ሳይጠሩልን አመለጡ» ሲል ሰማሁት፤ አብረውት ያሉት ሳቁ። ክፋት የለበትም፣ የገበያ ቀልድ ነው። ግን ሰውዬው በዕድሜው ሙሉ «ይህ ጋቢ አይለቅም» ካለ የማይለቅ፣ «ነገ ይደርሳል» ካለ የሚደርስ ሰው ነበር። የመጨረሻ ቃሉ «ይችለዋል» ነበር፤ እሷ ብቻ ተንጠልጥላ ቀረች።

በዚያው ሰሞን ልጃችን ሰላም መጣች። ትዳር ይዛ ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው። «እማዬ፣ ያንን ኮምፒውተር ባየሽው ቁጥር ታለቅሻለሽ። የሚፈልገው ሰው አግኝቻለሁ። ፈታቶ ዕቃ ዕቃውን ነው የሚወስደው። ሰኞ ሱቅ ድረስ ይምጣና ተነጋገሩ?» አለችኝ። ደክሞኝ ነበርና «ይምጣ» አልኩ። ስትሄድ ግን «ፈታቶ» ያለችው ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። የደምሴ ቃል ሳትፈተን ከሳጥኑ ጋር ተፈታታ በየሱቁ ልትበተን ነው። ተነሳሁና ሰይድ ዘንድ ደወልኩ።

እሑድ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰይድ አማኑኤል ሰፈር ያለው ቤታችን መጣ። ጨዋታውን ከቤቱ በሃርድ ዲስክ ገልብጦ ይዞታል፤ በእኛ ኢንተርኔት ይውረድ ብንል የደምሴ ሙት ዓመት ይደርስ ነበር። ሰላምም አለች።

«እትዬ አስካለ፣ ይቅርብዎ» አለኝ ገና ከበሩ። «አንዳንዱ ነገር ሳይፈተን ቢቀር ይሻላል።»

«ከቻለ ትጠራለህ። ካልቻለ በደምሴ ፈንታ እኔ እጠራልሃለሁ።»

«እርስዎ? የእኔ ሱቅ በር ላይ ቆመው? ያንን ቀን አላህ አያሳየኝ።»

«እንግዲያው ተሸነፍ።»

ሰላም የዳንቴሉን ጫፍ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ከፊት ለፊት ገለጥ አደረገችና መክፈቻውን ተጭና መለሰችው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት የሸፈነችውን ዕቃ ማን ደፍሮ ያራቁታል? ሰይድም ዓይኑ እያየ ዝም አለ። ጨዋታውን ጫነ፤ ማዳመጫውን አጠለቀ። ተራራው መጣ። ዝናቡ መጣ። ቅጠሉ ሳይቀር አንድ በአንድ ይታያል። ሰይድን አየሁት። ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ሥዕሉ መንተባተብ ጀመረ። ተኳሹ አንድ እግሩን ያነሳል፣ ያስባል፣ ያስቀምጣል። የሳጥኑ ማራገቢያ ዳገት ላይ እንደተያዘ አይሱዙ አጓራ። ወዲያው ድርግም።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለች ሰላም። አምፖሉ በርቷል። መብራት በሄደ ይሻል ነበር፤ በመብራት ከተሳበበ ይቅር የማይባል ጥፋት የለም። ደግመን ሞከርን፤ ከፊተኛው ፈጥኖ ጠፋ።

ሰይድ ማዳመጫውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እውነቴን ነው እትዬ፣ ልሸነፍ ነበር የመጣሁት» አለ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሰላም ትከሻዬን አቀፈችኝ። «በቃ እማዬ፣ ሰውዬው ይውሰደው።»

ልሰናበተው ብዬ እጄን ዳንቴሉ ላይ አሳረፍኩ። ያቃጥላል። ይህን ሙቀት ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሰላም በልጅነቷ ትኩሳት ሲይዛት እኔ እንዳይበርዳት ጋቢ በጋቢ ላይ እደርባለሁ፤ ደምሴ ደግሞ፣ ጋቢ ሻጩ ሰውዬ፣ ቃል ሳይተነፍስ ከኋላዬ እየመጣ አንድ በአንድ ይገፍላት ነበር። ልጅቷም ይሻላታል።

ዳንቴሉን ገፈፍኩት። ከሳጥኑ የወጣው ወበቅ ፊቴን መታኝ። የት ላስቀምጠው ብዬ ዳበስ ዳበስ ሳደርግ ጣቴ ከጥጉ ላይ አንዲት ማንጠልጠያ ነካ። ከገበሩ በኩል፣ በነጭ ክር የተሰፋች። የእኔ እጅ አይደለም። ድርብ ነው፣ ጥብቅ ነው፤ ደምሴ የተተረተረ የጋቢ ጠርዝ የሚጠግንበት ስፌት ነው። ቀና ስል ሚስማሯ ፊት ለፊቴ ናት። አንጠለጠልኩት። ልክክ አለ።

ለካ ያ ሁሉ ሻይ፣ ያ ሁሉ ከበር ላይ አቀባበል! ሳጥኑ ራቁቱን ሆኖ፣ ዳንቴሌ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ እንዳላየው ነበር። ገበሩ እንደሚያፍነው ገና ከመጀመሪያው ገብቶታል። ቢነግረኝ አነሳው ነበር፤ ግን አኮርፍም ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ደምሴ ዝም ብሎ ሲሰቅል፣ ዝም ብሎ ሲመልስ ኖረ። ማኅበርተኞቼን ላስቀናሁበት ነገር አሁን ይቅርታ ልጠይቅ? አልጠይቅም። እንዲያውም ዛሬ ይበልጥ ይቅኑ።

ሳጥኑ እስኪበርድ ጠበቅንና ጨዋታውን መልሰን ከፈትነው። ዝናቡ ዘነበ፤ ተኳሹ ሮጠ፤ ምንም አልተንተባተበም። እርግጥ ሰይድ የሥዕሉን ጥራት ትንሽ ዝቅ አድርጎታል፤ ይህን ሸማ ተራ ማወቅ አያስፈልገውም። ሮጠ፣ ሮጠና ሰይድ ድንገት እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«ምን ሆነ?» አልኩ ደንግጬ።

«ሞትኩ።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ኮምፒውተሩማ ደህና ነው እትዬ። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።» ይህን ሲል ከለቅሶው በፊት እንደነበረው ሰይድ ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት ሰይድ፣ ያ የተከበረ ነጋዴ፣ የራሱን ሱቅ ለሠራተኛ ትቶ የእኛ በር ላይ ቆመ። «ግቡ! ደህናው ጋቢ እዚህ ነው! እኔ ጋ ያለውን አይታችሁታል፣ ይኼ ይበልጣል!» ከሰረ እንዴ እያሉ የመጡ ነጋዴዎች ሁሉ የሚያገኙት መልስ አንድ ነበር፤ «የደሜ ኮምፒውተር ቻለው።» ያ የቀለደው ወጣትም መጥቶ ሰማ፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ኮምፒውተሩን ሊፈታ የመጣው ሰውዬ ደግሞ በሰይድ ጥሪ ተስቦ ገባና ጋቢ ገዝቶ ሄደ።

ሰላም «በቃ ያንን ዳንቴል ጣይው» ብላኝ ነበር። እንዴት ይጣላል? ድሮ የእኔ ሥራ ብቻ ነበር፤ አሁን የሁለት ሰው ሥራ ነው። ቀን ቀን ሳጥኑን ያለብሳል፤ ማታ ሚስማሯ ላይ ይውላል። ማታ ማን ይከፍተዋል ትሉኝ ይሆናል። የሰይድ ቡድን አንድ ሰው ጎድሎበት ነበር። ጎበዝ ነኝ አልልም፤ ሰይድ ግን ትዕግሥቱ መልካም ነው። «እትዬ፣ ከኋላዎ ናቸው፤ እባክዎን ጎንበስ ይበሉ» ይለኛል፤ ጥይት እየዘነበ እንኳ አንቺ ብሎኝ አያውቅም።

ሰላም አንዳንድ ቀን እኔ ጋ ታድራለች። እዚያ ክፍል ምን እንደማደርግ ስትጠይቀኝ አቧራ እጠርጋለሁ እላታለሁ። ሻይ ይዛልኝ ስትመጣ ኮቴዋን እሰማና ተነስቼ ብርጭቆውን ከበር ላይ እቀበላታለሁ።

«ኧረ ተቀመጪ እማዬ፣ እናት ለልጅ ትነሳለች?» ትለኛለች።

አክብሮት ይመስላታል።