የአማቼ መኪና የጠጣው ጠበል

አማችና መኪና አንድ ናቸው። ሁለቱንም ከውጭ አይታችሁ ትመርቃላችሁ፤ ውስጣቸውን የሚያውቀው ግን አብሯቸው የዋለ ያደረ ብቻ ነው። ያልተማረች አሮጊት ስለ መኪና ምን ታወራለች እንዳትሉኝ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ለባል መሰጠቴን አልክድም፤ ዲላ ገበያ ተቀምጦ ሰው ማንበብን ግን ማንም አልከለከለኝም።

አማቼ ምትኩ፣ የልጄ ባል፣ መልካም ልጅ ነው። የጌዴኦ ልጅ፣ ፕሮቴስታንት። እኔ በእመቤቴ ስል እሱ በጌታ ይላል፤ የምንቀያየመውም በጾም ቀን ሥጋ ሲያምረው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ግን ስለ ጠበል ተነሥቶ «እማማ፣ ያው ውሃ እኮ ነው» ቢለኝ፣ «ያባትህን የእንሰት ማሳ ያው አፈር ነው ቢሉህ ዝም ትላለህ?» ብዬ አፉን አስያዝኩት።

ይህ ልጅ ለሥራ ኮንጋ ድረስ በሞተር ብስክሌት ሲመላለስ ኖሮ ዘንድሮ መኪና ገዛ። ተራ መኪና እንዳይመስላችሁ፤ ቱርቦ ነው። ቱርቦ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ሞተሩ ያወጣውን ጭስ መልሶ ለጉልበት የሚያውለው ነገር ነው አለኝ። በገዛ ትንፋሹ የሚነፋ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰውማ በሰፈራችን ሞልቷል፤ አዲሱ ነገር መኪና መሆኑ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ታናሽ እህቴ አልማዝ ቡሌ ትኖራለች። ደም ግፊት ያዛትና ሐኪም ኪኒን ሰጣት፤ እሷ ግን «ጠበል ሳልቀምስ ኪኒን በአፌ አይገባም» ብላ ማለች። እልኸኝነት በዘራችን አለ። ኪኒኑ ራስጌዋ ተቀምጦ እሷ ራሷን እያዞራት ትወድቃለች ሲሉኝ፣ ከሩቅ ገዳም ድረስ ሰው ልኬ ጠበሉን አስመጣሁ። በትንሽ ቢጫ ጀሪካን ሆኖ፣ ለመንገድ ተዘጋጅቶ በረንዳዬ ላይ ቆመ። ከምትኩም ጋር በቱርቦው ሊያደርሰኝ ተቀጣጠርን።

በጠዋት መጣ። ግቢዬ ገብቶ ገና ሳይወርድ ከመኪናው ሥር አረንጓዴ ነገር ይንጠባጠብ ጀመር። ኮፈኑን ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው። ቱርቦው አጠገብ የሚያልፈው የውሃ ቱቦ በሙቀት ደርቆ ጫፉ ተሰንጥቋል።

«ጋራዥ ውሰደው» አልኩት።

«እማማ፣ አሠራሩ ስልኬ ላይ አለ» አለኝ።

ዘንድሮ ስልክ ላይ የሌለ ነገር የለም። ማስተዋል ብቻ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ብተርትበትም አልሰማኝም።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን አሳምሮ ሠራው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ፤ የተሰነጠቀውን ጫፍ በቢላ፣ ያውም በእኔ የሽንኩርት ቢላ፣ ቆርጦ ጣለ፤ ቱቦውን ገፍቶ መለሰና ፋሼታ የሚሉትን የብረት ማሰሪያ በካቻቢቴ አጠበቀው። እኔ ልብሴን ልቀይር ጓዳ ገባሁ። ስወጣ ምትኩ እጁን ይጠርጋል፤ ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል፤ ጀሪካኔ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ» አለኝ። «የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ አስበው ይችን በረንዳ ላይ ባያስቀምጡልኝ ራዲያተሩን በምን እሞላው ነበር?»

«ሙሉውን?» አልኩ።

«ጠብታ አልቀረም። ጠምቶት ነበር።»

ክው አልኩ። እንደ ምንም ብዬ «ጠበሉ ነበር» አልኩት። አንዴ ጀሪካኑን፣ አንዴ መኪናውን አየ። ያው ውሃ ነው ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢለኝ ኖሮ ቢላዬ እዚያው አጠገቤ ነበር። አላለም። ፊቱ አመድ መስሎ፣ «እትዬ አልማዝስ? ኪኒኑን እምቢ እንዳሉ ቢቀሩስ?» አለ።

ሌላ ጠበል እስኪመጣ የምትቆይ አልመሰለኝምና፣ ኪኒኑን እንድትውጥ ልንለምናት ባዶ እጃችንን ሄድን። የቡሌን ዳገት ስንወጣ እሱ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየውን መርፌ ያያል፣ እኔ ሰማዩን። ከመንገድ ዳር ምንጭ ቀድተን «ይኸውልሽ» ብንላትስ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኝ ነበር። ግን በጠበል ስም የሚዋሽበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም፤ እየዋሸሁ ብሞትስ?

አልማዝ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ፊቴን ሳይሆን እጄን አየች።

«እትዬ፣ ጠበሉስ?»

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ታለቅሳለች ስል ምትኩን ጠራችው።

«ጠዋት ሥሩ ሲንጠባጠብ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያንን ጠጥቶ ዳገቱን ወጣ?»

«ወጣ።»

«ሳይግል?»

«አንዴም አልጋለም።»

ወደ እኔ ዞረች። «ብረቱን ካሻረው ለሥጋ አያንስም። በእኔ ስም የመጣ ነው፤ ማንም ይጠጣው ማን፣ ደርሶኛል። በይ ኪኒኑን አቀብዪኝ።»

በተራ ውሃ ዋጠችው። እኔና አማቼ ተያየን።

ተሻላት። ጠበሉ ነው ኪኒኑ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ጣጣው በኋላ መጣ። ምትኩ «ባዶ ውሃ ሞተሩን ያዝገዋል፤ ላውጣውና አረንጓዴውን ማቀዝቀዣ፣ ኩላንቱን፣ ልሙላበት» ሲል አልማዝ ሰምታ ኖሮ ላከችበት፦ መድኃኒቴን ሳልጨርስ አንዲት ጠብታ ብታፈስ እኔም ኪኒኑን እተፋለሁ። መቼ እንደምትጨርስ ሐኪሟን ሄዶ ጠየቀ። የደም ግፊት ኪኒን የዕድሜ ልክ ነው አለው።

ምትኩ አላፈሰሰውም። በየእሑዱ በጸሎት ቤታቸው ተንበርክኮ ለአልማዝ ረጅም ዕድሜ ይለምናል፤ ዕድሜዋ በረዘመ ቁጥር ሞተሩ እየዛገ እንደሚሄድ እያወቀ ይለምናል። አጠገቡ የምትቀመጠው ልጄ እንደነገረችኝ፣ አሜን ሲል ብቻ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል።