የጓድ ወልደሩፋኤል የስሌት ስህተት

በዚህ አገር የትም መሥሪያ ቤት ብትገቡ፣ የሰውን ሁሉ ደሞዝ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሉ የሚወጣው አንድ ሰው አታጡም። በጅጅጋ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጓድ ወልደሩፋኤል ነበሩ። በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ቅጥሩም እሳቸው፣ ፈቃዱም እሳቸው፣ ቅጣቱም እሳቸው፣ ጡረታውም እሳቸው!

«ደሞዝ ማለት አራት ነገር ነው» ይላሉ አራት ጣታቸውን ዘርግተው። «ትምህርት፣ አገልግሎት፣ ደረጃ፣ ቦታ። አለቀ!»

ሶማሌው ሹፌር ባሬ አንድ ቀን፣ «ወሪያ ወልደሩፋኤል! ይሄን ሁሉ ካወቅክ አንተ ለምን አላለፈልህም?» አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡትና አስረዱት። ትምህርታቸው ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አገልግሎቱ ቢኖርም ጭማሪ ታግዷል። ደረጃቸው ዝቅተኛ ነው፤ ጅጅጋ ደግሞ ነፋሻ ናት ተብላ የበረሃ አበሏ ለስሙ ያህል ነው። ስለዚህ ሦስት መቶ አርባ ሰባት ብር፤ ግብር፣ ጡረታና መዋጮ ሳይነሳለት። ባሬ ከንፈሩን መጠጠላቸውና የሻሂያቸውን ሂሳብ ከፈለ።

ለቅሶ ቤት እንኳ አያርፉም። የሟች የሥራ ባልደረባችን ሚስት ደረቷን እየመታች ሳለ ጠጋ ብለው የጡረታ አበሏን አሰሉላት። ሴትዮዋ ለቅሶዋን አቋርጣ፣ «የልጆቹስ?» አለች። የልጆቹንም ነገሯት። ጉዳዩን ራሳቸው ተሯሩጠው አስጨረሱላት፤ ይሄን ግን ለማንም አላወሩም።

ታይፒስቷ ፀዳለ ይሄን ታውቃለች። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ስትጽፍ ስንት ዓመቷ! ደግሞ ወደደቻቸው፤ ምን ታድርግ? የከተማው ነጋዴ ሁሉ ሽቶ ተቀብቶ ሲያልፍ ዞር ብላ አላየችም። እኒህ የአበል ሊቅ የሸሚዛቸውን የነተበ እጅጌ ሰብስበው ሲያስሉ ግን ልቧ ይቀልጣል።

ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ እስከ መገንጠያው ይሸኟታል። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ፊታቸው ላይ ይበትነዋል።

«ደረጃዬ ይስተካከል እንጂ፣ ፀዳለ…» ይላሉ።

«ሲስተካከልስ?»

«ያኔማ ብዙ ነገር ይታሰባል።»

ብዙ ነገር! ፀዳለ ቤቷ ገብታ ይሄንኑ ስታመነዥክ ታድራለች። ምነው አንዱን ብቻ ቢያስቡት? እናቷ ከሐረር፣ «ደህና ሰው ተገኝቷል፣ እስከ መቼ ነው የምትቀመጪው?» እያለች ትልክባታለች። እሷም «ትንሽ ጠብቁኝ» ትላለች። የምትጠብቀው የመንግሥትን የደሞዝ እርከን መሆኑን ለእናት እንዴት ብሎ መናገር ይቻላል?

አንድ ሰኞ ደረጃው ተስተካከለ። ጓድ ወልደሩፋኤል ሽንሌ ለሚከፈተው ጽሕፈት ቤት የአስተዳደር ኃላፊ ሆነው ታጩ። ደሞዙ አራት መቶ ሃያ፤ የሽንሌ ሙቀት እሳት ነውና የበረሃ አበሉም ሙሉ። ባሬ «ሹመት ያዳብር!» እያለ ግቢውን አናወጠው። ፀዳለ ግን ከታይፕ መኪናዋ ቀና አላለችም። የዚያን ማታ ሲሸኟት ያንን «ብዙ ነገር» አላነሱም፤ እሷም አልጠየቀች።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጓድ መርሻ አስጠሯቸው። ፀዳለም የመልሱን ደብዳቤ ልትጽፍ ብዕርና ወረቀት ይዛ ገባች።

«እንግዲህ መቼ ትነሳለህ?»

ጓድ ወልደሩፋኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌታዬ፣ ሽንሌ የታይፒስት መደብ ይኖራል?»

«የታይፒስት? የለም። እዚያ በእጅህ ነው የምትጽፈው።»

ጓድ ወልደሩፋኤል አራት ጣታቸውን ዘረጉ፤ መልሰው አጠፉ። «እንዲያ ከሆነ ይቅርብኝ። ሲሰላ ያንስብኛል።»

«ምን? ያንስብኛል?»

«አበሉ… የሽንሌ አበል ከጅጅጋው ያንሳል።»

ፀዳለ ብዕሯን ከወረቀቱ አነሳች። እኒህ ሰው በሬሳ ሳጥን አጠገብ እንኳ አንዲት ሳንቲም ተሳስተው አያውቁም!

ጓድ መርሻ ግራ ገባቸው። «ፀዳለ፣ ይሄን ሁሉ የአበል ደብዳቤ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። እውነት የሽንሌ ያንሳል?»

ፀዳለ ቀና ብላ አየቻቸው። ጓድ ወልደሩፋኤል ጫማቸውን ያያሉ፤ ጆሯቸው ቀልቷል።

«ያንሳል ጌታዬ» አለች። «በጣም ያንሳል።»

ማታ ነፋሱ እንደ ልማዱ አቧራውን በተነባቸው። መገንጠያው ደረሱ፤ አልቆሙም፤ አለፉት።

«ደረጃህ ግን ሳይስተካከል ቀረ» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብላ።

«አይስተካከል!» አላት።