ከሞተ ከበርቴ ጋር መታረቅ

ሐበሻን ዳኛ ማድረግ አይቻልም። ሽማግሌ ግን ሳይጠሩትም ይሆናል! ይህን የምለው አጣርቼ ነው፤ በጋዜጠኝነት ይህን ያህል ዘመን የቆየሁት ያላጣራሁትን ባለመናገር ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ሳሮን ሮዝቪል በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት ክርክር ነበረባት። ርዕሱ፦ የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የባቡር ሐዲድ የዘረጉትና የዱቄት ፋብሪካ ያቆሙት ከበርቴዎች ኅብረተሰቡን ጠቀሙ ወይስ ጎዱ? ለሳሮን የደረሳት «ጎዱ» የሚለው ነው። ያሸነፈ ለስቴቱ ውድድር ያልፋል። እና አንድ ወር ሙሉ ቤታችን ራት የሚበላው ከከበርቴ ጋር ነበር።

የዕለቱ በረዶ ሦስተኛውን ዳኛ መንገድ ላይ አስቀረው። አስተማሪዋ ወላጅ ያልሆነ ሰው ፈለገች። እኔን ምን እንዳቀበጠኝ... ሳሮንን ሊያበረታቱ አብረውን የመጡትን፣ የምንኖርባት የሪችፊልድ ጎረቤታችንን ጋሽ ይልማን ጠቆምኩ። «ብዙ ባልና ሚስት አስታርቀዋል» አልኳት። እውነት ነው። ተመልሰው የተጣሉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ክርክሩ ተጀመረ። የወዲያኛው ቡድን ልጅ «ሐዲዱን ማን ዘረጋው? ቤተ መጻሕፍቱንስ ማን ሠራው?» አለ። ሳሮን ተነሥታ ማሽን ስለቆረጠው ጣት፣ በጭነት ዋጋ ስለተማረረው ገበሬ ተናገረች። ጎበዝ ነበረች። አባቷ ስለሆንኩ አይደለም... እሺ፣ ስለሆንኩም ነው።

ሁለቱ ዳኞች አንድ ለአንድ ተከፈሉ። የቀሩት ጋሽ ይልማ ናቸው። የድምፅ መስጫውን ወረቀት ገልብጠው አስቀመጡና ሁለቱን ልጆች ወደ ፊት ጠሩ።

«ሰውዬው አሁን የት ነው?»

«ማን?» አለች ሳሮን።

«ከበርቴው።»

«ሞቷል እኮ ጋሼ። ድሮ!»

«ነፍስ ይማር። ታዲያ የሞተ ሰው እንዲህ ይወቀሳል?»

«ጣታቸው የተቆረጠባቸውስ?»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ አጥፍቷል።» ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተም ልክ ነህ፤ ባቡሩ ጥሩ ነው። በሉ ተቃቀፉ!»

ተቃቀፉ። ምን ያድርጉ?

«አሸናፊው ማን ነው?» አለች አስተማሪዋ።

«እግዜር ይመስገን፤ ታርቀዋል» አሉ ጋሽ ይልማ።

ነጥቡ እኩል ሆነና ሁለቱም ቡድኖች ከስቴቱ ውድድር ቀሩ። ደንቡ እንደዚያ ይላል፤ አንብቤዋለሁ።

መኪና ውስጥ ሳሮን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጋሽ ይልማ ከኋላ ወንበር «እንዴት ያለ ሰላም ወረደ!» ይላሉ። አራት ቀን አኮረፈችኝ። በአምስተኛው ባለቤቴ ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ አለች። የመጣው ሽማግሌ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ ወይስ ደርሳችሁበታል?

ጋሽ ይልማ ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«እስቲ ልጄ፣ አባትሽ ምን አጠፋ?»

«እርስዎን ዳኛ አደረገ።»

ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልክ ነሽ» አሏት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ልክ ነህ» እስኪሉኝ ጠበቅኩ።

አላሉም።