ክዳኑ የማይነሳ የብረት ድስት

ሜዳ ላይ የበሰለ ምግብ ለምን እንደሚጥም አስባችሁ ታውቃላችሁ? አየሩ ነው ይላሉ። ጭሱ ነው የሚሉም አሉ። ውሸት ነው። የሚጥመው ሌላ ምርጫ ስለሌለ ነው። ቤት ውስጥ ወጡ ካልጣማችሁ ጎረቤት አለ፣ ምግብ ቤት አለ፣ አክስት አለች። ሜዳ ላይ ያለው ድስት ግን አንድ ነው። ወይ እሱን ትወዳላችሁ፣ ወይ ጦማችሁን ታድራላችሁ። እኔ በአንድ የሜዳ ድስት የተነሳ ጦሜን ያደርኩት አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ዕድሜ ልኬን ነው ብላችሁ አታምኑኝም፤ እንግዲያው ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከዲላ ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ ሊያሻሽሉ ቀያሾች መጡ። እኔ ደግሞ የዲላ ልጅ ነኝ፣ ጤነኛ፣ ወጣት፣ ሥራ ፈት። ሰንሰለት ጎታች ሆኜ ተቀጠርኩ። ሰንሰለት ጎታች ማለት ቀያሹ በባለሦስት እግሩ መነጽር ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ እያየ፣ የመለኪያውን ሰንሰለት ይዞ ጭቃ ውስጥ የሚገባው ሰው ነው። ጭቃው ደግሞ የጌዴኦ ጭቃ ነው፣ ቀልድ አያውቅም። አንድ ቀን ግራ ጫማዬን ገደብ ከተማ አጠገብ ዋጠብኝ። በሳምንቱ ይርጋጨፌ ገበያ ላይ ሲሸጥ አገኘሁት። አትዋሽ ትሉኝ ይሆናል። ቀኙ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ፤ መጥታችሁ እዩ።

ድንኳናችን ወርቃ አጠገብ፣ በእንሰትና በቡና መሃል ባለች ገላጣ ቦታ ተተክሎ ነበር። አለቃችን ከባሕር ማዶ የመጣ መሐንዲስ ነው። ስሙ ምላሳችንን ስላሰረው ሚስተር ቀስ አልነው። ከአማርኛ የሚያውቃት ቃል እሷ ብቻ ነበረች። ሰንሰለት ስንጎትት ቀስ፣ ስንበላ ቀስ፣ ጅብ ሲያባርረን እንኳ ከኋላችን ሆኖ ቀስ ይለን ነበር። ይህ ሰው ካገሩ ይዞት የመጣ አንድ ድስት ነበረው። ወፍራም ጥቁር ብረት ነው፣ ሦስት አጫጭር እግሮች አሉት። ክዳኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ዙሪያውን ጠርዝ አለው፤ የተቆለለበት ፍም እንዳይንሸራተት ነው። መጀመሪያ ቀን በቅሎ ላይ ስንጭነው በቅሎዋ ዞር ብላ አየችን። ከዚያ ተኛች። እስከ ማግስቱ አልተነሳችም።

የወጥ ቤቱ ሰው ታሞ ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ ድስቱ በኔ እጅ ወደቀ። ሚስተር ቀስ ሕጉን በምልክት አስተማረኝ። ከታች ጥቂት ፍም፣ ከላይ ብዙ ፍም። ይህ ለኔ ብርቅ አልነበረም፤ እናቴም ድፎ ስትጋግር እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች ነበር። አዲስ የሆነብኝ ሁለተኛው ሕግ ነው። አንዴ ከተከደነ እስኪደርስ ድረስ አይከፈትም። እናቴ በየመሃሉ ገለጥ አድርጋ ታያለች፣ በጣቷ ነካ ታደርጋለች፣ አንድ ሁለት ነገር ተናግራው ትከድነዋለች። ሚስተር ቀስ ግን እጄ ወደ ክዳኑ ሲዘረጋ ካየ በማንኪያ ይመታኛል። ተመትቼ ተማርኩ። ስማር ደግሞ ለጉድ ነው የተማርኩት። የኔ ዳቦ ሽታ ከወርቃ ተነስቶ ሀገረ ማርያም ድረስ ሄዶ የተኛ ሰው ይቀሰቅስ ነበር።

አሁን ወደ አስቴር እንምጣ። እውነቱን ለመናገር ስለ ድስቱ ይህን ሁሉ የለፈለፍኩት እሷ ጋ ለመድረስ ፈርቼ ነው።

አስቴር ወተትና ቆጮ ልትሸጥልን ወደ ድንኳኑ የምትመጣ የገበሬ ልጅ ነበረች። ቆጮውን በኮባ ጠቅልላ ፍም ላይ ጣል ታደርገዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ትገልጠዋለች፣ ትቆነጥራለች፣ ሳይበስል ግማሹን ቀምሳ ትጨርሰዋለች። የኔን ድስት ስታይ ሳቋን መያዝ አትችልም።

"አንተ ዲላ" ትለኛለች፤ ስሜን ጠርታ አታውቅም። "ይሄ ድስት ምን አጥፍቶ ነው በአናቱ እሳት የምታሸክመው?"

እኔም የማይከፈትበትን ምክንያት እንደ ፕሮፌሰር አስረዳታለሁ። እሷም እነሱ ቤት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ድስት እንደሚከፈትለት፣ የሚበላውን በዓይኑ አይቶ እንደሚቀመጥ ትነግረኛለች። ሰማኋት እንጂ አላዳመጥኳትም። የማዳምጠው ሳቋን ነበር። ሰው ሲወድ እንዲህ ነው፤ ጆሮው ይከፈትና ወሬው ሳይገባ ያልፋል።

ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ደቡብ ሊሄድ ሲል አላስቻለኝም፣ ነገርኳት። ወተቱን ቀድታ ጨረሰች። ከዚያ አባቴን ጠይቀው አለችኝ። ሽማግሌ ልላክ ወይ ስላት፣ ሽማግሌውስ በኋላም ይደርሳል፣ አባቴ መጀመሪያ ካንተ አፍ ይስማ፣ ዙሪያ ጥምጥም አይወድም አለች። አባትየው የሚስዮን ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ባለ ማተብ። ይህም ራሱን የቻለ ዳገት ነበር። እሷ ግን ዳገቱን እኔ እወጣዋለሁ፣ አንተ ብቻ ተናገር አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባትየው ጋሽ ጂሎ መጣ። ኮቱን ለብሷል፣ በትሩን ይዟል፣ መጽሐፍ ቅዱሱ በብብቱ ነው። እኔ አስቀድሜ መክሬአለሁ፤ የጠገበ ሰው እምቢ አይልም። የበግ ሥጋ በሽንኩርት ከሥር አድርጌ፣ በላዩ ሊጥ ዘርግቼ፣ ከድኜ፣ ፍሙን ቆልዬበታለሁ። መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ እናገራለሁ። እቅድ ማለት ይህ አይደል?

ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። ዓይኑ ድስቱ ላይ ነው። ጋሽ ጂሎ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ቀን ተምታቶበት አያውቅም።

"ልጄ አስቴር ነግሮኛል" አለኝ። "ጉዳይ አለህ አሉ።"

"አለኝ ጋሽ ጂሎ። መጀመሪያ አፍዎ ላይ አንድ ነገር ያድርጉ።"

"እሺ። ክፈታት።"

"ገና ነው፣ አይከፈትም።"

"ልይ ብቻ።"

"ካየነው ይበላሻል።"

ድስቱን አየ። እኔን አየ። "ሲያዩት የሚበላሽ ምግብ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይቺ የመጀመሪያዬ ነው።"

አንተ ሞኝ፣ ክፈትለት እንጂ እያላችሁ ነው አይደል? በሉ፣ አትፈሩ፤ እኔ ለራሴ ብዙ ዓመት ብዬዋለሁ። ያኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ብከፍተው የተነሳው ሊጥ ይወድቃል። ሊጡ ከወደቀ ጋሽ ጂሎ ፊት ጭቃ ላቀርብ ነው። ጭቃ የሚያበላ አማች ማን ይፈልጋል?

በዚህ መሃል ሾፌራችን ተካልኝ ደረሰ። ተካልኝን አላስተዋወቅኋችሁም፤ የመኪናውን በር ሳይዘጋ የሚነዳ፣ ሻዩን ስኳሩ ሳይሟሟ የሚጨልጥ ሰው ነው። አንድ ቀን ሚስተር ቀስን ሳይጭነው ዲላ ደርሶ፣ ባዶውን ወንበር መንገድ ሙሉ ሲያጫውት ነው የዋለው። ጋሽ ጂሎን ሰላም አለ፣ ጠጋ አለ፣ አሸተተ። ምንድነው የምትጠብቁት ብሎ እንጨት ከክዳኑ ሥር ሰደደ። ተው ስል ክዳኑ ተነስቷል። ፍሙ ወዲህ፣ ክዳኑ ወዲያ። የተካልኝ ጉልበት ድስቱን ገጨውና ግማሹ ሥጋ ከነጥሬ ሊጡ ሣሩ ላይ ተዘረገፈ።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። ተካልኝ ግን ጣቱን እየተቃጠለ መልቀም ጀመረ። አመዱን እፍ፣ ሣሩን ነቀል፣ በኮባ ቅጠል አድርጎ ለጋሽ ጂሎ አቀረበለት። ጋሽ ጂሎም ጎረሰ። ሊጡ ላንቃው ላይ ተጣብቆ አፉን መክፈት አቃተው። ሲከፍተው ሳቀ። ሽማግሌ እንዲህ ሲስቅ አይቼ አላውቅም፤ እንሰቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

እኔስ ምን አደረግሁ? የተረፈውን ሊጥ አስተካከልኩ፣ መልሼ ከደንኩ፣ አዲስ ፍም ቆለልኩ፣ ጀርባዬን ለእንግዳዬ ሰጥቼ ድስቱን እጠብቅ ጀመር። ከኋላዬ ይሰማኛል።

"ይሄ ልጅ ምን ብሎ ነው የጠራኝ?"

"አስቴርን ሊለምንዎት ነዋ ጋሽ ጂሎ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።"

"እሱ አፍ የላትም?"

"አለው። ዳቦው እስኪደርስ ብሎ ነው።"

ጋሽ ጂሎ አንድ ጉርሻ ጨመረ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "ድስቱን ያልከፈተልኝ ሰው ነገ ቤቱን ይከፍትልኛል?" ጥቂት አኘከና ደግሞ ተካልኝን፣ "አንተስ ሚስት አለህ?"

ያኔ ብድግ ማለት ነበረብኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ጋሽ ጂሎ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ማለት ነበረብኝ። ልነሳ አሰብኩም። ግን ዳቦው መሽተት ጀምሮ ነበር። ትንሽ ነው የቀረው አልኩ፤ ይሄን ላውጣና ዳቦውንም ጉዳዬንም በአንድ ላይ አቀርባለሁ። ሰማዩ ደግሞ አልጠበቀኝም። ያገሩ ዝናብ ወረደ፣ ተካልኝ ሽማግሌውን ጂፑ ላይ አወጣው፣ ሄዱ። እኔ ወርቅ የመሰለ ዳቦ በሁለት እጄ ይዤ ዞር ስል ሣጥኑ ባዶ ነው። ሚስተር ቀስ ከድንኳኑ ብቅ ብሎ ቆረሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ አጨበጨበልኝ።

በማግስቱ አስቴር ወተት ይዛ መጣች።

"ለአባቴ ምን አልከው?"

"ዳቦው አልደረሰም ነበር" አልኳት።

ወተቱን ቀዳች። እንደ ሌላው ቀን ቀዳች፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ከዚያ በስሜ ጠርታ ደህና ሁን አለችኝ። አንተ ዲላ አላለችኝም። ስሜ እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ወደ ደቡብ ወረድን። ተካልኝ ከዲላ ነዳጅ ሲያመጣ በእነሱ በኩል ነው የሚያልፈው። እየቆየ ነዳጁ ሳያልቅ ነዳጅ ሊያመጣ ይሄድ ጀመር። መኪና ወተት እንደሚጠጣ ያወቅሁት ያኔ ነው። አባቷ አስገድዷት ነው ብዬ ልዋሽላችሁ ነበር፤ መዋሸት እንደሆነ አይከብደኝም። ግን አስቴር ተገድዳ የምታደርገው ነገር አልነበረም። ተካልኝ ጠየቃት፣ ቶሎ ጠየቃት፣ ሳቀች። አለቀ።

ለሠርጉ ድስቱን ይዤ እንድመጣ ለመኑኝ። ሄድኩ። የዚያን ቀን ክፈት ላለኝ ሁሉ ከፈትኩ፤ ለሽማግሌውም፣ ለሚዜውም፣ ሊያዩ ብቻ ለመጡትም። አንድም ዳቦ በወጉ አልተነሳም። ሰው ሁሉ ጣቱን እየላሰ በላው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው፤ ሲያፈስም ሲለቅምም በዓይኔ አይቻለሁ፣ የለቀማትንም አውቃታለሁ። ያልቸኮለው ምን እንደሆነ ግን አልነገሩንም። እኔ ልንገራችሁ። ያልቸኮለው፣ ሙሽሮቹ ደጃፍ ሲዘመርላቸው፣ ጓሮ ተቀምጦ ድስት ፈገፈገ።